የተጨበጡ እጆች

በአሦር ከተማ፣ በጤግሮስ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች የሚሠሩበት አንድ የእቶን ቤት ነበረ። ጭሱ የቤተ መንግሥቱን መጋረጃ እንዳያጠቁር ከግንቡ ውጭ፣ ነፋስ በሚሸኘው በኩል ተተክሏል። እዚያ የሚሠራው ዕንቁ ነው። ከምሥራቅ ተራሮች በአህያ ተጭኖ የሚመጣውን ሰማያዊ ድንጋይ የከተማው ሰው «የተራራ ዕንቁ» ይለዋል፤ እነዚህ ሴቶች ከነጭ ጠጠር፣ ከአመድና ከመዳብ አቅልጠው የሚያወጡትን ደግሞ «የእቶን ዕንቁ»። የተራራውን የሚያደርጉ ሰዎች የእቶኑን ያናንቁታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ የቱ የቱ እንደሆነ ስትጠይቃቸው ግን ድንገት ሳል ይይዛቸዋል።

ታራም እዚህ ቤት የገባችው በዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ጠጠር ወቀጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ ወቀጠች፤ ፀጉሯም ቅንድቧም ነጭ ሆኖ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሰፈርተኛው «አሮጊቷ መጣች» እያለ ያላግጥባት ነበር። ከዚያ አመድ ወደ መንፋት ከፍ አለች፤ ያም እድገት ከተባለ። አመዱ ከበረሃ ከሚመጣ ጨዋማ ቁጥቋጦ የሚገኝ ነው። ጥሩ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በምላስ ነው። የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች የዕንቁውን አሠራር በሸክላ ላይ ጽፈው አስቀምጠዋል። «ይህን ያህል አመድ» ይላል ጽሑፉ። ምላስ ላይ ምን ያህል ሲያቃጥል? ጸሐፊዎቹ አመድ ልሰው ስለማያውቁ እሱን አልጻፉትም። ታራም ግን ቆንጥራ ቀምሳ ምራቋን ትተፋና «ይሄኛውን ዝናብ ነክቶታል» ትላለች፤ ዝናብ ነክቶት ይገኛል።

የቤቱ እመቤት ቤሌሱኑ ትባል ነበር። ድምፀ ጎርናና፣ ሰፊ፣ ስትሄድ መሬቱን የምትገፋ የምትመስል ሴት ናት። ታራም አመድ ብቻ ሳይሆን እሳትም እንደምታውቅ ያወቀችው እሷ ናት። በእቶኑ ጎን ጡጫ የምታህል ቀዳዳ አለች። በእሷ አጮልቆ የሚያይ ሰው ቅልጡ የበሰለ ወይን መልክ የያዘበትን ቅጽበት መጥራት አለበት፤ ያኔ እሳቱ ይቆማል። ትንሽ ከቀደመ ዕንቁው ይደፈርሳል፤ ትንሽ ከዘገየ የኩሬ ውኃ ይመስላል። ይህ ሥራ ዐይን ይበላል። የቤሌሱኑን ዐይን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲበላ ኖሮ ጨርሶት ነበር፤ ታራም ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት እመቤቲቱ ከቀዳዳዋ ዘወር ብላ «በይ፣ አንቺ እዪ» አለቻት። ይህን ስትል ሌላ ወገን የምታይ መስላ ነበር።

እያንዳንዱ አዲስ እቶን ሲሠራ ከፊቱ ሁለት የሸክላ ምስሎች ይቆማሉ። ኩቡ ይባላሉ። ኩቡ ማለት ጊዜው ሳይደርስ ከእናቱ ሆድ የወጣ፣ ስም ያልተሰጠው፣ ጡት ያልቀመሰ ሕፃን ነው። በእነዚያ ሴቶች ዘንድ እቶን ሆድ ነው፤ በውስጡ ያለውም ቅልጥ ገና ያልተወለደ ልጅ ነው። ስለዚህ ሳይወለዱ የቀሩት እንዳይቀኑበት የገብስ ጠላ ይፈስስላቸዋል፣ ማርና ቅቤ ይቀመጥላቸዋል፣ እሳቱ በሚነድበት ቀንም በግ ይታረድላቸዋል። ንጹሕ ያልሆነ ሰው በፊታቸው ማለፍ የለበትም። በዚያ ቀን ጠዋት እመቤቲቱ በር ላይ ቆማ እያንዳንዷን «ንጹሕ ነሽ?» ብላ ትጠይቃለች። ደም ያየች ሴት «አይደለሁም» ብላ ትመለሳለች፤ ክፉ የሚናገራት የለም። ስድስት ቀን ቤቷ ትተኛለች።

ታራም በሃያ ዓመቷ ኢሉማ የሚባል ሰው አግብታ ነበር። ኢሉማ በተነፉ የፍየል ቆዳዎች ላይ እንጨት አስሮ በወንዙ ጭነት የሚያወርድ፣ ወሬ የማያውቅ፣ ቋጠሮ ግን እንደሱ የሚያስር የሌለ ሰው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጨነገፈባት። በአራተኛውም ዓመት ጨነገፈባት። ሁለተኛውን በዐይኗ አየችው።

ከዚያ ትንሽ ቆይቶ የቤሌሱኑ ጣቶች አበጡ።

«ጣቴ አልታዘዝ ብሎኛል» አለቻት። «ከዛሬ ጀምሮ ኩቡዎቹን አንቺ ሥሪያቸው።»

«እኔ? እነዚያ ሁሉ ሴቶች እያሉ፣ እሜቴ?»

«እነዚያ ሁሉ የወለዱ ናቸው። አንዷን ባዛት ጉንጩ የተነፋ የዓመት ልጅ ሠርታ ነው የምታመጣልኝ። አንቺ አይተሻቸዋል።»

ቤሌሱኑ ክፉ ሴት አልነበረችም። አፏ ላይ በር ያልተሠራላት ሴት ነበረች፤ በቃ። ታራም ጭቃውን ተቀበለች። ራሱን ትልቅ፣ ጀርባውን ጎባጣ፣ ዐይኑን ክድን አድርጋ ሠራችው። እጆቹ ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ቆሙባት። ያየችው ነገር እጁን ዘርግቶ አልነበረም። ስለዚህ ጭብጥ አድርጋ ተወቻቸው፤ ከዚያ በኋላ የሠራቻቸውም ሁሉ እጃቸውን እንደ ጨበጡ ቀሩ።

አንዲት ቀልደኛ ጠጠር ወቃጭ አንድ ቀን «ምን ይዘው ነው እንዲህ የጨበጡት?» ብትላት፣ ታራም ቀና ሳትል «ድርሻቸውን» አለቻት።

ታራም ሃያ ስምንት ዓመት በሆናት ዓመት ከቤተ መንግሥት ትእዛዝ መጣ። ለሴት አምላኳ ለእሽታር ሐውልት የአንገት ጌጥ፣ ከእቶን ዕንቁ፣ ከተራራው የማይለይ ሰማያዊ ይሁን ተባለ። የመጀመሪያው ቅልጥ ደፈረሰ። ሁለተኛው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። የቤተ መንግሥቱ ሹም መጥቶ አረንጓዴውን በእግሩ ገለበጠና፣ ሦስተኛው እንዲህ ከሆነ እቶኑ እንደሚፈርስ፣ ሴቶቹም ሱፍ ወደሚፈትሉበት ግቢ እንደሚሄዱ ተናግሮ ሄደ። ቤሌሱኑ ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ ይህ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም። ቀን ቆጣሪው መልካም ቀን መረጠ። ቀጣዩ መልካም ቀን ከአንድ ወር በኋላ ነበር፤ ሹሙ ደግሞ አንድ ወር የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

ታራም ያኔ አራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከባሏ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁለቱ ከጠፉባት በኋላ አፍ አውጥታ መናገር ፈርታለች።

በተመረጠው ቀን ማለዳ ደም አየች። ሁለት ጠብታ ቢሆን ነው። ኢሉማ ውጭ ቆዳዎቹን ይነፋል። ታራም ጨርቁን አጥፋ አንድ ቦታ ሸጎጠችና ቆመች። ቤሌሱኑ እሳት አታይም። ቀዳዳዋን የለመደ ሌላ ሰው የለም። እሷ ከቀረች ቤቱ ፈረሰ። ደግሞ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሰማያዊውን ማየት ፈልጋ ነበር። ዐሥራ አራት ዓመት ጠጠር ወቅጣ፣ አመድ ልሳ፣ እንከን የሌለው ሰማያዊ አንድም ጊዜ አላየችም ነበር። በሕጉ ግን ታምን ነበር፤ ከነደሟ ብትገባ ኩቡዎቹ እንደሚቆጡ እንደማንም ታምን ነበር። አምናም ሄደች።

«ንጹሕ ነሽ?» አለቻት ቤሌሱኑ በር ላይ።

«ነኝ፣ እሜቴ።»

«ድምፅሽ ምነው ሰለለ?»

«የዛሬውን እሳት ፈርቼ ነው።»

«እሱንማ ማን ያልፈራ አለ! ግቢ፣ ግቢ፣ በር ላይ አትገተሪብኝ።»

ዐይኗን በጨው አጥባ ገባች። በገዛ እጇ በሠራቻቸው ምስሎች ፊት ስታልፍ ቀና ብላ አላየቻቸውም።

በጉ ታረደ፤ ጥዱ ጤሰ። ልጡ ተልጦ፣ አብ በሚባለው የሐሩር ወር ተቆርጦ የደረቀው እንጨት ተማገደ። ታራም ቀዳዳዋ ላይ ተተከለች። ወደ ቀትር ግድም ወገቧን ያዛት። ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ቤሌሱኑ ከኋላዋ ሆና በየጊዜው «ምን ይመስላል?» ትላለች፤ ታራም «ገና ነው» ትላለች። አንድ ጊዜ «መጣሁ፣ ውኃ ልጠጣ» ብላ ወደ አመድ ቤቱ ሄደች። እዚያ የሆነው ሆነ። በራስ ማሰሪያዋ ጠቀለለችው፤ በጣም ትንሽ ነበረ። ጥሩው አመድ በሚቀመጥበት ጥግ መሬቱን በእጇ ቆፍራ ቀበረችው፤ አመድ በተነችበት፤ እጇንም በአመድ አሸች። ከዚያ ተመልሳ ቀዳዳዋ ላይ ቆመች።

«ምን ይመስላል?»

«ገና ነው።»

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ «አሁን! አቁሙ!» ብላ ጮኸች። ጩኸቱ ከሚያስፈልገው በላይ ነበር፤ ሴቶቹ ደንግጠው ማገዶውን ጥለው ሸሹ።

እቶኑ ቀዝቅዞ በሦስተኛው ቀን ተከፈተ። ዕንቁው ሰማያዊ ነበር። የሚደፈርስ፣ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ቤሌሱኑ ሰማያዊውን በደንብ ባታየውም ከእልልታው ተረድታ አለቀሰች፤ የሁሉንም ግንባር ሳመች። «ኩቡዎቹ ጠግበው ጠጥተዋል!» አለች። «ይሄን ቀን አትርሱት!»

ታራም አልረሳችውም። ለኢሉማ መንገድ ላይ እንደጨነገፈባት ነገረችው። እሱም ወጣና የታንኳውን ቋጠሮዎች፣ ያልላላውን ሁሉ፣ እየፈታ እንደገና ያስር ጀመር። ከዚያ ወዲህ ማኅፀኗ አልያዘም።

ጌጡ በሐውልቱ አንገት ላይ ተንጠለጠለ። በየዓመቱ በጸደይ እሽታር በከተማው ስትዞር ሕዝቡ ይሰግዳል፤ ታራምም ትሰግዳለች፤ ቀና ስትል ዕንቁውን ታየዋለች። ያምር ነበር። ብትጠላውም እጅግ ያምር ነበር። እያየችውም ሁለት ነገር ታስባለች። አንዱ፣ ሕጉ ባዶ ነው፤ ንጹሕ ያልሆነች ሴት ገብታ እሳቱ እንደውም አማረበት። ሁለተኛው፣ ሕጉ እውነት ነው፤ ኩቡዎቹ ተቆጥተው ልጇን ወሰዱ፣ ስለ ወሰዱም ሰማያዊውን ሰጡ። አንድ ዓመት አንዱን፣ ሌላ ዓመት ሌላውን ታምናለች። ለማንም አልተነፈሰችም።

ቤሌሱኑ ሞተች፤ ኢሉማም ሞተ። ታራም የእቶኑ ቤት እመቤት ሆነች፤ እሜቴ የሚሏት እሷን ሆነ። በሩ ላይ ቆማ «ንጹሕ ነሽ?» የምትለውም እሷ ሆነች። ዓመታት ሲያልፉ ያ ቀዳዳ የእሷንም ዐይን በላ። ተተኪ ፈለገች፤ ኑፕታን አገኘች። ኑፕታ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ዐይኗ ግን ከዚያ ይብሳል። በአንድ ዓመት እሳቱን ታራም በዐሥር ዓመት ካወቀችው በላይ አወቀችው። ባል አገባች፤ ሆዷም ገፋ።

ሰማያዊው በወጣ በሃያ ስድስት ዓመቱ ደግሞ ሌላ የቤተ መንግሥት ትእዛዝ መጣ፤ ለአዲስ የንጉሥ አዳራሽ። ሹሙም ሌላ ነበር፤ ትዕግሥቱ ግን የፊተኛው። ሥራውን ቆሞ ካላየሁ ብሎ እሳቱ በሚነድበት ቀን ማለዳ ደረሰና በሚታረደው በግ አጠገብ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ።

«ንጹሕ ነሽ?» አለቻት ታራም፣ ኑፕታ በሩ ላይ ስትደርስ።

ኑፕታ ወደ ኋላዋ አየች። ከዚያ ተጠግታ፣ በሹክሹክታ፣

«ደም አየሁ፣ እሜቴ። ትንሽ ነው፤ ጣት አይሞላም።»

ታራም ፊቷን ወደ ሹሙ አዞረች።

«ግን ‹ነኝ› ልበልና ልግባ» አለች ኑፕታ። «ያ ሰውዬ ፊቱን አይተሽዋል? ተመለሺ ብትይኝ ማን ሊያይልሽ ነው? አትቆጪኝ እንጂ አንቺ ዛሬ ወይኑን ከበጉ ደም አትለዪውም። ማን ያውቃል? እኔና አንቺ ብቻ።»

ታራም በሩን ያዘች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሕጉ ባዶ ነው ወይስ ሙሉ ነው፣ ወሰዱ ወይስ አልወሰዱም ስትል ኖራለች። «አይደለሁም» ብል ኖሮስ? ብላ ግን አንድም ቀን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። «አይደለሁም» ብትል ኖሮ ቤሌሱኑ እየተራገመች ትመልሳት ነበር። ቤቷ ሄዳ ትተኛ ነበር፤ ስድስት ቀን። ኢሉማ ምስር አሳርሮ ያበላት ነበር። ልጁ ይቆይ ነበር? ማንም አያውቅም። ተኝተውም የሚጨነግፍባቸው ሞልተዋል። ታራም ግን ያን ቀን አልተኛችም፤ ከማለዳ እስከ ማታ እሳት ፊት ቆማ ነበር የዋለችው። ይህ አሁን ነው የገባት።

«ሂጂና ተኚ» አለች።

«እሜቴ፣ እሳቱስ?»

«ሂጂና ተኚ አልኩሽ! ውኃ እንዳትቀጂ። እህል እንዳትፈጪ። ባልሽ ካጉረመረመ እኔ ዘንድ መጥቶ ያጉረምርም።»

«ስድስት ቀን?»

«ተነሺ እስክልሽ።»

ከኋላ የቆሙት ሴቶች ተንጫጩ። አንዷ «ታዲያ ዛሬ አይነደድ፣ ለሌላ ቀን ይሁን» አለች። ሹሙ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ዛሬ ይነደዳል አለ። ታራምም እንደ ድሮዋ ቀዳዳዋ ላይ ቆመች። የሚታያት ብርሃን ብቻ ነበር፤ ወይኑም ጥሬውም የበሰለውም አንድ ሆነባት። በግምት «አቁሙ» አለች። በሦስተኛው ቀን ሲከፈት ዕንቁው ክረምት ያቆረው ውኃ መስሎ ወጣ።

ሹሙ የእመቤትነቷን በትር ተቀብሎ ለሌላ ሴት ሰጠ። እቶኑ አልፈረሰም፤ ሌላ እመቤት ነው የተሾመበት። ታራም አልተከራከረችም። «አሮጊቷ ጃጀች» አሉ አንዳንዶቹ፣ እሷ እየሰማች። በማግስቱ ማለዳ የምስር ወጥ በሸክላ ይዛ ወደ ኑፕታ ቤት ሄደች። በየቀኑ ሄደች።

«በእኔ ምክንያት ነው የወረድሽው» አለች ኑፕታ እንደተኛች።

«በዐይኔ ምክንያት ነው። ብዪ።»

«እናቴ፣ እውነት ሕጉን ፈርተሽ ነው የመለስሽኝ?»

ታራም ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «እኔ አንድ ጊዜ ‹ነኝ› ብዬ ገብቻለሁ» አለች። «የእሽታርን ጌጥ ታውቂው የለ? ያን ቀን።»

ኑፕታ በክርኗ ቀና አለች። እጇን ዘርግታ የታራምን ቀሚስ ጫፍ ያዘች፤ ወጡ እስኪቀዘቅዝም አልለቀቀችውም።

ደሙ በአምስተኛው ቀን ቆመ። የኑፕታ ወር ሲሞላ፣ በቀኑ ሴት ልጅ ተወለደች፤ የምትጮኸውም እናቷ ስትቆጣ እንደምትጮኸው ነው። ታራም ሕፃኗን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስተኛቻት። ስንት ኩቡ ሠርታለች፤ እንዲህ ያለ እጅ ግን በዚህ ቅርበት ይዛ አታውቅም። የተጨበጠውን እጅ በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ከፈተችው። አንዲት የጨርቅ ክር ነበረች፤ ሌላ ምንም አልነበረም። ጥፍሮቹ አምስቱም ሙሉ ናቸው። እጁ ተመልሶ ሲጨበጥ የታራምን ጣት ይዞ ተጨበጠ። ታራም አለቀሰች፤ ኑፕታም ለማን እንደምታለቅስ ስለገባት አላባበለቻትም።

በመከሩ ማግስት አዲስ እቶን ተሠራ። ኩቡዎቹን የሚሠራ ሌላ እጅ ስላልነበረ አዲሷ እመቤት ጭቃውን ለታራም ላከችላት። ምስሎቹ ሲመጡ እመቤቲቱ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። ራሱ ያው ነው፤ ጀርባውም ያው፤ ዐይኑም ክድን። እጆቹ ግን ተከፍተው መዳፋቸው ወደ ላይ ሆኗል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ዱሮ ይጨብጡ አልነበር?»

«ይጨብጡ ነበር» አለች ታራም። «ምንም እንዳልወሰዱ እንዲታይ ነው።»